ገንዘባችንን በቀን ስንት ጊዜ እንቁጠር?

ሰው ሀብቱን መቁጠር የጀመረው ዛሬ አይደለም። ገበሬው በሬዎቹን፣ ነጋዴው ጣቃውን፣ ደመወዝተኛው ከወር ወር የተረፈችውን ጥሪት ሲቆጥር ኖሯል። አዲስ ነገር ቢኖር የመቁጠሪያው ቅርበት ነው። ድሮ የመርካቶ ነጋዴ ሒሳቡን የሚያየው ሱቁን ከዘጋ በኋላ መዝገቡን ዘርግቶ ነበር። የባንክ አክሲዮን የገዛ ሰው ደግሞ የገንዘቡን ነገር የሚሰማው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ተቀምጦ የትርፍ ድርሻ ሲታወጅ ነበር። ዛሬ ግን መዝገቡም ካዝናውም ከኪሳችን ገብተዋል። ስልኩን አውጥቶ መክፈት ብቻ ይበቃል፤ ቁጥሩ ይታያል።

ታዲያ ጥያቄያችን ይህ ነው። ማየት ስለቻልን ብቻ ዘወትር ማየት ይገባናልን? ሀብቱን በቀን አሥር ጊዜ የሚመለከት ሰው የሀብቱ ጠባቂ ነው ወይስ የሀብቱ እስረኛ? ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲያዩት ስለ ስልክ አጠቃቀም የሚደረግ ወግ ይመስላል። ጠለቅ ብለው ሲያስተውሉት ግን ሰውና ንብረቱ እንዴት ሆነው መኖር እንዳለባቸው የሚጠይቅ የቆየ ጥያቄ ነው።

ነገሩ ከደጃችን ደርሷል

አንዳንድ አንባቢ፣ «ይህ የኒው ዮርክና የለንደን ሰው ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በአገራችን የአክሲዮን መገበያያ መድረክ እ.ኤ.አ. በ1965 በብሔራዊ ባንክ አማካይነት ተጀምሮ ነበር። አብዮቱ መጥቶ ድርጅቶች ሲወረሱ ያ መድረክ አብሮ ተዘጋ። በ1986 ዓ.ም. በወጡት አዋጆች የግል ባንክና ኢንሹራንስ ማቋቋም ሲፈቀድ ብዙ ሰው አክሲዮን ገዛ። ይሁንና የገዛውን መልሶ ለመሸጥ የሚሄድበት መደበኛ ገበያ አልነበረም። ዋጋውን የሚነግረው ደላላ፣ ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ወጣ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ ሲከፈትም ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን ለሕዝብ ሽያጭ አቅርቦ ነበር። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ ደግሞ 33 አክሲዮን ማለትም 9,900 ብር ነበር። ግዢው የሚፈጸመው በቴሌብር መተግበሪያ እንጂ በቅጽና በሰልፍ አልነበረም። ሽያጩ የካቲት 7 ቀን ሲዘጋ 47,377 ገዢዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ወስደው፣ 3.2 ቢሊዮን ብር ተሰብስቦ ተገኘ። እንግዲህ ከቤቱ ሳይወጣ፣ በእጁ በያዘው ስልክ ባለአክሲዮን የሆነ ሕዝብ አለን ማለት ነው።

በእኛ በሙስሊሞች ዘንድም ነገሩ የቅርብ ነው። ወለድን በመሸሽ ለዓመታት ከባንክ አክሲዮን ርቆ የኖረ ብዙ ወንድምና እህት ነበረ። በ2011 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ መንገዱ ተከፈተ፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራና ሌሎችም ተከተሉ። ያኔ ያ ሕዝብ ጥሪቱን ይዞ ወደ ባለቤትነት ገባ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ፣ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ከ58 ብር በታች የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሲሻገር፣ አክሲዮን የሌለው ሰው እንኳ ጧት ተነስቶ የዕለቱን ምንዛሪ በስልኩ ማየት ለመደ። እናም «እኛን ምን አገባን?» ማለት አሁን አይቻልም።

መቁጠር ግዴታ ሲሆን

በመጀመሪያ ለመተግበሪያው የሚገባውን ፍርድ እንስጠው። ማወቅ ካለማወቅ ይሻላል። ባሏ የሞተባትና ጥቂት አክሲዮን የወረሰች አንዲት እናት እንበል። ትናንት የአክሲዮኑን ዋጋ የምታውቀው ሊገዛት በመጣው ሰው አፍ ነበር። ገዢው ያውቃል፣ እሷ አታውቅም፤ ባለማወቋም ይነግድባታል። ዋጋው በአደባባይ ሲጻፍና በስልኳ ስታነበው ግን ከተንኮሉ ትጠበቃለች። አንዱ ተገበያይ የሚያውቀውን ሌላው እንዳያውቅ አድርጎ መነገድ በሸሪዓችን የተወገዘ ነው። ስለዚህ ዋጋን ግልጽ የሚያደርግ መሣሪያ፣ ከፋብሪካም ይሁን ከስልክ ይምጣ፣ የፍትሕ አጋዥ ነው።

ዘካም አለ። ገንዘቡን የማይቆጥር ሰው ዘካውን ሊያወጣ አይችልም። ኒሷቡ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ መሆኑን፣ የሚወጣውም 2.5 በመቶ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ የለም። የአክሲዮን ዘካ እንዴት እንደሚሰላ ዓሊሞች ሲወያዩበት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የፊቅህ ጉባኤም ተመልክቶታል። በአጭሩ፣ አክሲዮኑን ለመሸጥና ለማትረፍ ብሎ የያዘ ሰው በገበያው ዋጋ ያሰላል፤ ለዓመት የትርፍ ድርሻ ብሎ የያዘው ደግሞ ሌላ ስሌት አለው። ሁለቱም ግን ያላቸውን ማወቅ አለባቸው። «እኔ በአላህ ተመክቻለሁ፤ ገንዘቤን አልቆጥርም» የሚል ሰው መመካትን ከቸልታ ጋር እያምታታ ነው።

ከዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እናስተውል። ዘካ እንድንቆጥር ያዘዘን በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በጨረቃ አቆጣጠር አንድ ዓመት ሲሞላ ባለሀብቱ ቁጭ ብሎ ያለውን ይቆጥራል፣ ያለበትን ዕዳ ያስባል፣ የድሆችን ሐቅ ይለያል። በሻፊዒ መዝሀብ እንዲያውም በንግድ ዕቃ ላይ ኒሷብ መሙላቱ የሚታየው በዓመቱ መጨረሻ ነው። በመሀል ዋጋው ወጣ ወረደ ተብሎ ነጋዴው አይጨነቅም። ሕጉ ለመቁጠር ጊዜ ወስኖለታል፤ ለቆጠራውም ዓላማ ሰጥቶታል፤ ዓላማውም መስጠት ነው። ሰብልም እንዲሁ ነው። በዝናብ የበቀለ እህል ከአሥር አንድ፣ በድካምና በወጪ ውኃ የጠጣ ከሃያ አንድ የሚወጣበት እህሉ በተሰበሰበ ጊዜ እንጂ ቡቃያው ብቅ ባለ ቁጥር አይደለም።

በሌላ በኩል ቁርኣን ውስጥ አል-ሁመዛ የተሰኘችው ምዕራፍ ገንዘብ አከማችቶ በመቁጠር የሚጠመደውን፣ ሀብቱም ከሞት የሚያስጥለው የሚመስለውን ሰው ትወቅሳለች። የምዕራፏ መነሻ ደግሞ ሰውን የሚያማና የሚያንቋሽሽ ነው። ሐሜተኛውና ገንዘብ ቆጣሪው በአንድ ምዕራፍ መገናኘታቸው ሊያስገርመን አይገባም። ቆጠራው የሚሰጠው ነገር ሲያጣ ወደ መወዳደር ይዞራልና። «የእገሌ ስንት ደረሰ? የእኔስ?» ማለት ይመጣል። በገጠራችን የሰውን ከብት ብዛት መጠየቅ እንደ ነውር ይታያል። በከተማችን ግን የስልክን መስኮት በሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማሳየት እንደ ጨዋታ ተቆጥሯል።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ቆጠራ አለን። አንዱ ግዴታ፣ ሌላው ወቀሳ ያለበት። ሁለቱን የሚለያቸው ምንድን ነው? ቁጥሩ አንድ ነው፤ ስልኩም አንድ ነው። ልዩነቱን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

ዓይንና እጅ

እስቲ ወደ ጢቾ እንሂድ። ጢቾ ቀደም ባለው ዘመን ከጭላሎና ከአርባ ጉጉ ጋር ከአርሲ ሦስት አውራጃዎች አንዷ ነበረች። ደጋ ነው፤ የገብስና የስንዴ፣ የባቄላና የከብት አገር። ከዚያ አካባቢ ተነስቶ አሰላ፣ አዳማ ወይም አዲስ አበባ የሚሠራ ብዙ ሰው አለ። አባቱ ማሳ ላይ፣ ልጁ ከተማ ሆነው በየፊናቸው ሀብት ይጠብቃሉ።

አባትየው ማሳውን የሚያየው በዓመት አንድ ጊዜ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ጧት ጧት ይወጣል፤ ዳር ዳሩን ይዞራል፤ ቅጠሉን ገልብጦ ያያል። ታዲያ ልጁ፣ «አባቴ ማሳውን በየቀኑ ያያል፤ እኔም አክሲዮኔን በየቀኑ ባይ ምን ነውር አለው?» ቢለን ምን እንመልሳለን? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በቁም ነገር ሊመለስ ይገባዋል።

መልሱ ያለው ከማየቱ ቀጥሎ በሚመጣው ነገር ውስጥ ነው። አባትየው አረም ካየ ይነቅላል። አጥር ፈርሶ ካየ ያጥራል። በቅጠሉ ወይም በአገዳው ላይ ዋግ ካየ ለግብርና ባለሙያው ይናገራል፣ መድኃኒት ይፈልጋል። በ2006 ዓ.ም. የስንዴ የግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ «ዲገሉ» የተባለውን ዝርያ ክፉኛ በመታ ጊዜ ማሳን በየቀኑ ማየት የዋዛ ነገር እንዳልሆነ ገበሬው ሁሉ አውቋል። የገበሬው ዓይን እጅ አለው። የሚያየው ሊሠራ ነው፤ ሠርቶ ሲጨርስ ደግሞ ማየቱን ይተዋል። እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ በቀን አሥር ጊዜ ጎተራውን እየከፈተ የሚያይ ገበሬ ቢኖር ጎረቤቱ ይደነግጥለታል።

ልጁስ? ዋጋው በሁለት በመቶ መውረዱን ያያል። ከዚያስ? ድርጅቱን አያርምም፣ አያጥርም፣ መድኃኒት አይረጭም። የቀረው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ መሸጥ፣ ሌላው ምንም ሳያደርጉ መጨነቅ ነው። ለአሥር ዓመት ብሎ የያዘውን አክሲዮን ለአንድ ቀን ወረደ ብሎ አይሸጥም፤ ስለዚህ ዕጣው መጨነቅ ብቻ ይሆናል። ነገ ሲወጣ ደግሞ ይደሰታል፤ ደስታውም እንደ ጭንቀቱ ከእጁ ሥራ የመጣ አይደለም። ይህ እጅ የሌለው ዓይን ነው።

ከዚህ የምናገኘው መለኪያ ግልጽ ነው። ማየት ሥራን ከወለደ ጥበቃ ነው፤ ማየት ሌላ ማየትን ብቻ ከወለደ ሱስ ነው። ዘካ ሊያወጣ የቆጠረ፣ ዕዳ ሊከፍል የቆጠረ፣ ለልጁ ትምህርት ይበቃ እንደሆነ ሊያውቅ የቆጠረ ሰው እጁ ከዓይኑ ጋር ነው። በሶላት መውጫ ላይ ጫማውን ሳያስር ስልኩን የሚከፍት ሰው ግን ምን ሊሠራ ነው የከፈተው? ራሱን ቢጠይቅ መልስ ያጣል።

መመልከት ብዛቱ ልብን ሲለውጥ

«መጨነቁ የእኔ ነው፤ ማንንም አልጎዳሁም» የሚል ይኖራል። እስቲ ጭንቀቱ ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። ካህነማንና ቲቨርስኪ የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ሰው መቶ ብር ሲያጣ የሚሰማው ሕመም መቶ ብር ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሕመሙን ወደ እጥፍ የሚጠጋ አድርገው ገምተውታል። ቤናርትዚና ቴለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን ይዘው አንድ እርምጃ ሄዱ። አንድ አክሲዮን በዓመት በዓመት ሲታይ በአብዛኛው እያደገ ቢሄድም፣ በቀን በቀን ሲታይ ግን ከወጣባቸው ቀናት ጋር የሚቀራረቡ የወረደባቸው ቀናት አሉት። እንግዲህ በዓመት አንድ ጊዜ የሚያይ ሰው በአብዛኛው ደስታ ያያል። በቀን የሚያይ ሰው ግን ያው አክሲዮን፣ ያው ትርፍ ሆኖ ሳለ፣ ከሁለት ቀን በአንዱ ገደማ ኪሳራ ይሰማዋል፤ ሕመሙም ከደስታው ይከብዳል። ሀብቱ ሳይቀንስ ኑሮው ቀነሰ ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሕመም ያለበት ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ባርበርና ኦዲን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መምህራን እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1996 የ66,465 ቤተሰቦችን የአክሲዮን ሒሳብ መርምረው ነበር። በብዛት የገዙና የሸጡት በዓመት 11.4 በመቶ ሲያተርፉ፣ ገበያው በጠቅላላ ያተረፈው 17.9 በመቶ ነበር። ብዙ የተንቀሳቀሰው ጥቂት አገኘ። ይህ ሁሉ ደግሞ ስማርት ስልክ ከመምጣቱ በፊት ነው።

ስልኩ ሲመጣ የባሰ ነገር አመጣ። በአሜሪካ «ሮቢንሁድ» የተባለው መተግበሪያ ደንበኛው አክሲዮን ሲገዛ በስልኩ መስኮት ላይ እንደ ሠርግ ቀን ባለቀለም ወረቀት ይበትንለት ነበር። የማሳቹሴትስ ተቆጣጣሪዎች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ክስ አቀረቡበት፤ በመጋቢት 2021 ድርጅቱ ያንን ፌሽታ አነሳው። ለምን ነበር የሚያደርገው? ደንበኛው ብዙ ሲገዛና ሲሸጥ ድርጅቱ ስለሚያገኝ ነው። መሣሪያውን የሠራው ሰው ጥቅም ካንተ ዕረፍት ጋር ላይስማማ እንደሚችል ማወቅ ከዚህ ይጀምራል። ሙስሊሙ ቁማርን የሚያውቀው በስሙ ብቻ ከሆነ ስሙን ቀይሮ ሲመጣ አያውቀውም። አክሲዮን መያዝ በአንድ ሥራ ውስጥ መሻረክ ነው። የሚሠራውን ሥራ ሳያውቁ ቁጥሩ እስኪዘል ጠብቆ ማሻሻጥ ግን ከሽርክናው ይልቅ ወደ ሌላው ይቀርባል።

ቁጥሩ የሚሸፍነው

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው። ቁጥሩን ዘወትር የሚያይ ሰው ቁጥሩ የማያሳየውን ማየት ይረሳል።

የአርሲ ሰው ይህን ከታሪኩ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በጭላሎ አውራጃ የእርሻ ልማት ድርጅት አቋቋሙ፤ መቀመጫው አሰላ ሆነ፤ በአጭር ስሙም «ካዱ» ይባል ነበር። ዓላማው ትንሹን ገበሬ መርዳት ነበር። ማዳበሪያ መጣ፣ የተሻሻለ የስንዴ ዘር መጣ፣ ብድር መጣ። ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ኩንታል ጨመረ። ሪፖርቱን ላነበበ ሰው ቁጥሩ መልካም ነበር። ይሁንና መሬቱ አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር አመጡ፤ ትራክተሩ ሲመጣ ጭሰኛው አላስፈለገም፤ ብዙ ቤተሰብም ካረሰው መሬት ተፈናቀለ። በኩንታሉ ቁጥር ውስጥ የተፈናቀለው ቤተሰብ አልተጻፈም። ጭሰኝነት በ1967 ዓ.ም. በመሬት አዋጁ ተሻረ፤ ፕሮግራሙም በኋላ ጢቾንና አርባ ጉጉን ጨምሮ አርሲን በሙሉ እንዲሸፍን ተደረገ። ትምህርቱ ግን አልተሻረም። እያደገ የሚሄድ ቁጥር በስተኋላው ማን እንዳለቀሰ አይናገርም።

ቁጥሩ ጭራሹን ውሸት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በርናርድ ማዶፍ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 ሲያዝ፣ ለደንበኞቹ የላከው የሒሳብ መግለጫ ተደምሮ ወደ 65 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሀብት ያሳይ ነበር። ያ ሀብት አልነበረም። ደንበኞቹ ቁጥሩን አልቆጠሩም አይባልም፤ ቆጥረዋል። ያልጠየቁት ገንዘቡ የት ምን እየሠራ እንደነበር ነው።

ባለአክሲዮን ማለት ሸሪክ ማለት ነው። ሸሪክ ደግሞ በሥራው ይጠየቃል። ገንዘቤ የገባበት ድርጅት ሠራተኛውን እንዴት ይይዛል? ብድር የሚሰጠው ለማን ነው? በውሉ ያልኩትን ሐላል መንገድ ጠብቋልን? የሸሪዓ አማካሪዎቹ ምን አሉ? ኦዲተሩስ? በየቀኑ የሚለዋወጠው ዋጋ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አይመልስም። መልሱ ያለው በዓመታዊ ሪፖርቱ ውስጥና በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ነው። ዋጋውን በዓመት ሦስት መቶ ጊዜ የሚያይ፣ ነገር ግን ጉባኤው ሲጠራ ውክልና ሰጥቶ የሚቀር ወይም የምሳ ግብዣውን ብቻ ጠብቆ የሚሄድ ባለአክሲዮን፣ መብቱንም ኃላፊነቱንም ትቶ ጥላውን ይዟል። ከወለድ ነፃ ለሆነ ተቋም ይህ እጥፍ ድርብ ይከብዳል። ሰዎች ገንዘባቸውን ያመጡለት ትርፉን ብቻ ብለው አይደለምና። ባለቤቶቹ ትርፉን ብቻ ከጠየቁ፣ ሥራ አስኪያጁም ትርፉን ብቻ ይመልሳል።

ከቤታችንም ውስጥ ቁጥሩ የሚሸፍነው ነገር አለ። አክሲዮኑን በቀን አሥር ጊዜ የሚያይ አባወራ፣ ሚስቱ ያለውን ታውቃለችን? ድሮ የአክሲዮን ወረቀት ከሣጥን ይገኝ ነበር፤ ወራሽ ሣጥኑን ከፍቶ ያገኘዋል። ዛሬ ሀብቱ ከምስጢር ቁጥር በስተጀርባ ነው። ባለቤቱ ድንገት ቢሞት፣ የትኛው ባንክ፣ የትኛው ድርጅት፣ ምን ያህል የሚለውን የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል። ወላጅ አልባ የሆኑት ልጆች ሐቃቸው እያለ ሐቃቸውን ያጣሉ። ለሰዎች ያለበት ዕዳም ሳይከፈል ይቀራል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አንቀጽ ዕዳን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም የምትናገር መሆኗን እናውቃለን። ለራስ ማየትና ለሌላው መጻፍ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው እኛን ብቻ ያረካል፤ ሁለተኛው ለተተኪዎቻችን ሐቅ ይጠብቃል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

መተግበሪያውን አጥፉ፣ ስልኩን ጣሉ የሚል ምክር ከዚህ ጽሑፍ አይወጣም። ሚዛን የያዘ ነጋዴ ሚዛኑን አይጥልም፤ ነገር ግን ሲመዝን ይመዝናል፣ ሳይመዝን ያስቀምጠዋል። የምንለው ቆጠራችን ጊዜና ምክንያት ይኑረው ነው።

አንደኛ፣ የዘካ ቀናችንን እንወስን። በሒጅራ አቆጣጠር አንዱን ቀን ይዘን፣ በዚያ ቀን ያለንን ሁሉ እንቁጠር፤ ያለብንንም እንጻፍ፤ የሚወጣውንም እናውጣ። ይህ ቆጠራ በእርግጥ መተግበሪያው የሚያግዘው ቆጠራ ነው።

ሁለተኛ፣ ከዚያ ውጭ የምናይበትን ጊዜ ከሥራ ጋር እናያይዘው። የሚገዛ ወይም የሚሸጥ ነገር ካለ፣ የሚከፈል ዕዳ ካለ፣ የሚታቀድ ጉዳይ ካለ እንይ። ስልኩን ስንከፍት «አሁን አይቼ ምን ላደርግ ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ከሌለ እንዝጋው። ዋጋ ሲለዋወጥ የሚጮኸውን የስልኩን ማሳወቂያም ማጥፋት ይቻላል፤ እሱ የተሠራው ለእኛ ዕረፍት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ያተረፍነውን ጊዜ ለባለቤትነታችን እናውለው። ሪፖርቱን እናንብብ። ያልገባንን የሒሳብ ባለሙያ ወንድም ወይም እህት ይተርጉምልን። በጉባኤው ላይ ተነስተን እንጠይቅ። አንድ ባለ33 አክሲዮን ሰው ድምፁ ትንሽ ነው፤ አንድ ሺህ ባለ33 አክሲዮኖች ግን ትንሽ አይደሉም።

አራተኛ፣ ያለንን ለምናምነው ሰው እንናገር፣ እንጻፍ። ሚስት ታውቅ፤ ባል ይወቅ፤ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ ይወቅ። ኑዛዜ የሀብታም ብቻ አይደለም።

በመጨረሻም ከጢቾ ተነስቶ ከተማ የገባውን ወንድማችንን አንድ ነገር እንጠይቀው። ከምንዛሪውና ከአክሲዮኑ ዋጋ ጋር በየቀኑ ስትገናኝ፣ በዚያው ስልክ ውስጥ የአባትህ ቁጥር አለ። ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ፣ ገብሱ ከውርጭ መትረፉን፣ የጉልበቱ ሕመም መሻሉን ለመጠየቅ የደወልክለት መቼ ነው? ይህም ሀብት ነው። ይህም መጠበቅ ይፈልጋል። ዋጋው በመስኮት ላይ ስለማይታይ ብቻ የማይቀንስ እንዳይመስለን።